በዚህ ሳምንት ማን ይጠብቅ?

የዓመት ፈቃድ ልወጣ ስል ሥራዬን ለአንዲት ባልደረባዬ ማስረከብ ነበረብኝ። ሥራችን የሌሎች ክፍሎችን ሪፖርት መመርመርና የራሳችንን ማዘጋጀት ነው። የርክክቡን ሰነድ በጥንቃቄ አሰናድቼዋለሁ፤ እያንዳንዱ ሥራ ተራ ቁጥር አለው፣ የት እንደደረሰ ተጽፏል፣ ፋይሉ የት እንደሚገኝ ተመልክቷል፣ አስቸኳዩ በቀይ ቀለም ተለይቷል። እንዲያውም ኮራ ብዬ ነው ወረቀቱን የዘረጋሁላት። እርሷ ከላይ እስከ ታች በእርጋታ አነበበችውና «ሁሉም ገብቶኛል። ማን ይጠብቅ?» አለችኝ።

«ሁሉም አስፈላጊ ነው» አልኳት።

«አስፈላጊነቱን አልጠየቅሁህም። ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት እንደማልጨርሰው እኔም አንተም እናውቃለን። ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ይጠብቃሉ። እነማን እንደሆኑ አንተ ትነግረኛለህ ወይስ እኔው ልምረጥ?»

«አንቺው ምረጪ» ብያት ወጣሁ። ጥያቄዋ ግን ፈቃዴን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ዝርዝሩ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ደህና አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ዝርዝሩ ግን ጥሩ ነበር። ስለ ሥራዬ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ ይመልሳል፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ ብቻ አይመልስም።

ቀይ ቀለም ያልተናገረው

አስቸኳይና አስፈላጊ የሚለውን ክፍፍል የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1954 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ባሰማው ንግግር፣ አንድ የቀድሞ የኮሌጅ ኃላፊን ጠቅሶ፣ ችግሮቹ አስቸኳይና አስፈላጊ ተብለው ለሁለት እንደሚከፈሉ፣ አስቸኳዮቹ አስፈላጊ እንዳልሆኑ፣ አስፈላጊዎቹም መቼም አስቸኳይ እንደማይሆኑ ተናግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አራት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ሆኖ በየሥልጠናው ይሳላል።

ሠንጠረዡ ውሸት የለበትም። ችግሩ ለብቻው የሚሠራ ሰው ያወጣው መምሰሉ ነው። ሥራውን ይደለድላል እንጂ ከሥራው ጀርባ የቆመውን ሰው አያሳይም። እኔ «አስቸኳይ ግን አስፈላጊ ያልሆነ» ብዬ የምመድበው ሪፖርት ለላከው ሰው የሳምንቱ ዋና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዝቅ አድርጌ እንደመደብኩት ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ ረቡዕ ይደውላል፣ ሐሙስ በአካል ይመጣል፣ ዓርብ አለቃውን አስከትሎ ይመጣል፤ ሥራውም ቀይ ይቀባል። በእኔ ዝርዝር ላይ ቀይ የነበረው አብዛኛው ሥራ በዚህ መንገድ የቀላ ነው። ስለ ሥራው ክብደት የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ የሚናገረው የአንድ ሰው ትዕግሥት ማለቁን ነው።

ሁሉም ቀይ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ሥራውን ያቆማል። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል፤ ቅድሚያ ለሁሉም የሚሰጥ ዕቅድም ከቤት ባይወጣ ይሻላል።

በእርሳስ የተጻፈው ኅዳግ

ከፈቃድ ስመለስ ያ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ባልደረባዬ ቀይ ቀለሙን ከነጭራሹ ያየችው አይመስልም። በቀኝ ኅዳጉ ላይ፣ ከየሥራው አንጻር፣ በእርሳስ የሰው ስምና ቀን ጽፋለች። ሦስቱ ተሰርዘዋል፤ አልቀዋል ማለት ነው። ከሌሎቹ ጎን «ተነግሮታል»፣ «ተነግሯታል»፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ተነግሮት ተቆጥቷል» የሚል አለ። እኔ ሥራውን በርእሱ ስጠራው እርሷ በሰዉ ጠርታዋለች።

የላከችውን ኢሜይል ከፍቼ አነበብኩት። ለሁሉም የተላከው አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል። «ሪፖርትዎ ደርሶናል። የምንጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት እንዲያልቅ የሚያስገድድ ምክንያት ካለ እስከ ነገ ያሳውቁኝ።» ይቅርታ የለበትም፣ ሰበብ አልተደረደረበትም፣ «በተቻለ ፍጥነት» የሚባለውም ማለስለሻ አልገባበትም። እኔ ብሆን ኖሮ አንድ አንቀጽ ሙሉ ስለ ሥራ ብዛታችን አትቼ ቀኑን ሳልናገር የምጨርሰው ይመስለኛል።

መልሶቹ ናቸው ይበልጥ ያስገረሙኝ። አብዛኞቹ በአንዲት «እሺ» ያለቁ ናቸው። አንዷ «ቀኑን ስላወቅሁት የእኔን ሥራ በዚያው ልክ አዘዋውራለሁ» ብላለች። ሌላው ደግሞ ሪፖርቱ እንደማያስፈልገው፣ ጉዳዩ ከቆመ እንደሰነበተ ጽፏል። ይህ የኋለኛው በዝርዝሬ ላይ ከቀዮቹ አንዱ ነበር። ለካ ማንም ያልፈለገው ሥራ በየሰኞው እየተገለበጠ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲሻገር ኖሯል። የተቆጣውን ሰውም ጉዳይ ተከታተልኩት። ምክንያቱ እውነተኛ ስለነበር ባልደረባዬ የእርሱን አስቀድማ ሌላ ሰው ወደ ኋላ አዘዋወረች፤ ለዚያኛውም ሰው በዚያው ዕለት አዲሱን ቀን ጻፈችለት። ጉዳዩ ይኸው ነው። ሁካታ የለ፣ ስብሰባ የለ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እርሷ የራሷ ሥራ ነበራት፤ ለእኔ ዝርዝር የቀረላት ጊዜ እኔ ከምሰጠው በጣም ያነሰ ነው። ከእኔ ይልቅ ፈጣን ናት ብዬ ልጽናና አልችልም፤ ሦስቱን ሥራ የሠራችበትን ጥራት አይቻለሁ፣ የይድረስ ይድረስ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረገች? በሳምንቱ መጀመሪያ የሚጠብቁትን ሰዎች መረጠች፤ መምረጧንም ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልጮኸም።

የስልክ ማዞሪያ ቤት ሒሳብ

ነገሩን ስቆፍር ያልጠበቅሁት ቦታ ደረስኩ። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ባለሙያ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ያሳተመው ጽሑፍ፣ ዛሬ የወረፋ ሒሳብ ለሚባለው ዘርፍ መነሻ ሆኗል። ሰዎች ባሻቸው ጊዜ ይደውላሉ፣ የንግግራቸው ርዝመት ይለያያል፤ ታዲያ ስንት መስመር ይበቃል? የእኔም ሳምንት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሥራው ባሻው ጊዜ ይመጣል፣ አንዱ ሃያ ደቂቃ ሌላው ግማሽ ቀን ይበላል፣ የሚያስተናግደው ደግሞ አንድ ሰው ነው።

የዘርፉን ቀላል ቀመር እንውሰድ። አንድ ሥራ በአማካይ 1 ሰዓት ይፈጃል እንበል። የሠራተኛው ጊዜ 50 በመቶ የተያዘ ከሆነ አዲስ የገባ ሥራ እስኪጀመር በአማካይ 1 ሰዓት ይጠብቃል። 80 በመቶ ሲያዝ 4 ሰዓት፣ 90 በመቶ ሲያዝ 9 ሰዓት፣ 95 በመቶ ሲያዝ 19 ሰዓት ይጠብቃል። መቶ በመቶ ሲሞላ ወረፋው መጨረሻ የለውም። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው አምስት በመቶ በሠራተኛው ዘንድ ትንሽ ትጋት ናት፤ በር ላይ ለቆመው ሰው ግን ጥበቃውን ከእጥፍ በላይ አድርጋዋለች። ሰው የስልክ መስመር ስላልሆነ ቁጥሮቹ እንዳሉ አይሠሩም። ሆኖም አቅጣጫቸው ከማየው ጋር ይገጥማል፤ ጥቅጥቅ ተደርጎ በታቀደ ሳምንት ውስጥ ሰኞ ጠዋት የምትመጣ አንዲት ትንሽ ጉዳይ እስከ ዓርብ ያለውን ሁሉ ታናጋለች። ዕቅዱ የሚፈርሰው በስንፍና አይደለም፤ ክፍት ቦታ ስለሌለው ነው።

ሌላም አለ። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ በእጅ ያለውን የሥራ ብዛት በሳምንት በሚያልቀው ሥራ ስናካፍል አንድ ሥራ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ እንደምናገኝ ይነግረናል። በሳምንት 5 ሥራ የሚጨርስና 20 ሥራ በእጁ የያዘ ሰው ዘንድ አንድ ሥራ ከገባበት እስከሚወጣበት በአማካይ 4 ሳምንት ይቆያል። ይህን ሒሳብ ለራሴ ሠራሁትና ዝም አልኩ። «እስከ ዓርብ አደርስልዎታለሁ» የሚለው ቃሌ ከሒሳቡ ጋር ፈጽሞ አይተዋወቅም።

ሒሳቡ ጥበቃን አያስቀርም። ባልደረባዬም አላስቀረችውም፤ ሰዎቹ ጠብቀዋል። ለውጡ ያለው የሚጠብቀው ሰው እንደሚጠብቅ በማወቁና ባለማወቁ መካከል ነው። ይህን ሳምንት የማቀድ ዋናው ቁም ነገር አድርጌ መውሰድ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የምሠራውን መምረጥ ቀላል ነው፤ ሁላችንም የምንወደው ሥራ አለ። ከባዱ የማስጠብቀውን ሰው መርጦ ፊት ለፊት መንገር ነው። ይህን ለመሸሽ ነው ዝርዝር የምናስረዝመው ባይ ነኝ፤ በዝርዝር ላይ የሰፈረ ሥራ እንቢ አልተባለምና።

ቀልብ የት ትቀራለች?

ስለ ትኩረት ሲወራ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደ ስልክና ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ነው። እኔ ግን ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌም ቀልቤ የማይሰበሰብበት ጠዋት አለ። ሰነዱ ተከፍቷል፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ እኔ ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነባለሁ። አእምሮዬ ያለው መልስ ያልሰጠሁት ሰው ዘንድ ነው።

ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ሰዎች አንድ ሥራ ሳይቋጩ ወደ ሌላ ሲዛወሩ ከትኩረታቸው ከፊሉ በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀርና የሁለተኛው ሥራ ውጤት እንደሚጎዳ አሳይታለች። እጅግ ቀደም ብሎ ብሉማ ዘይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰው ከጨረሰው ይልቅ የተቋረጠበትን ሥራ እንደሚያስታውስ ጽፋ ነበር፤ ሙከራውን ኋላ የደገሙት ሁሉ ያንኑ ውጤት ባያገኙም፣ ያልተቋጨ ነገር እንደሚቆረቁር ከራሱ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔን የማረከኝ ግን ማሲካምፖና ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ነው። ያልተፈጸመ ግብ በሌላ ሥራ መካከል እየገባ ሰዎችን ሲረብሽ አዩ፤ ግቡን መቼና እንዴት እንደሚፈጽሙት ቁርጥ ያለ ዕቅድ እንዲያወጡ ሲፈቅዱላቸው ረብሻው ጠፋ። ልብ በሉ፣ ሥራው አልተሠራም። ቀን ብቻ ነው የተቆረጠለት።

ይህን ሳነብ የባልደረባዬ ኢሜይል ትዝ አለኝ። «ማክሰኞ እንጀምራለን» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የተጻፈችው ለሌላ ሰው ቢሆንም ያሳረፈችው ጸሐፊዋንም ነው። በልብ ብቻ የተያዘ «በኋላ እሠራዋለሁ» ቀን የለውም፤ ስለዚህ አእምሮ ይዞት ይዞራል። ለሰው የተነገረ ቀን ግን ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ በመሆኑም እስከዚያው ሊተው ይችላል። ከዚህ የተነሣ የትኩረት ምክር ሁሉ ከጠረጴዛው መጀመሩ ትክክል አይመስለኝም። ጠረጴዛውን ከማጽዳት በፊት ዕዳውን መቁረጥ ይቀድማል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ

አሁን የማቅደው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ዕቅድ ማውጣት ከጀመርኩ የመልእክት ሳጥኔ ቀድሞኝ ያቅድልኛል፤ ከላይ ያለው ኢሜይል የሳምንቱ የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሰኞ ግርግር የታሰረ ዕቅድ ማክሰኞን አይሻገርም። ዓርብ ላይ ደግሞ ሳምንቱ ምን ያህል እንደበላኝ ገና ትኩስ ስለሆነ ለራሴ መዋሸት ይከብደኛል።

መዋሸቱ የሚበዛው በግምት ላይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ ለመገመት ያለንን ዝንባሌ ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በቁጥር አስቀምጦታል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ33.9 ቀናት እንጨርሳለን ብለው ገመቱ፤ የፈጀባቸው 55.5 ቀናት ነው። ነገር ሁሉ ቢበላሽ ስንት ቀን ይፈጃል ተብለው ሲጠየቁ እንኳ የገመቱት 48.6 ነበር። ባሉት ቀን የጨረሱት ከ10ሩ 3 ገደማ ናቸው። እንግዲህ ክፉውን ሁሉ አስቦም ሰው አይደርስበትም። ስለዚህ እኔ መገመት ትቻለሁ፤ ያለፈውን ተመሳሳይ ሪፖርት ፈልጌ እርሱ የፈጀውን ጊዜ እወስዳለሁ። ይህኛው ቀላል ነው የሚል ድምፅ ውስጤ ሲናገር ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ያለፈውም ቀላል ነበር።

የቀረው አጭር ነው። ሐሳብ የሚጠይቁት ሥራዎች ከሦስት አይበልጡም፤ የየጠዋቱን የመጀመሪያ ሁለት ሰዓታት ያገኛሉ። ከሳምንቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ባዶ እተወዋለሁ፤ ባዶ ሆኖ የቀረበት ሳምንት ግን አላስታውስም። አንድ ሥራ አቋርጬ ስነሣ የምቀጥልበትን ቦታ በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ከዚያ የሚጠብቁትን ሰዎች ስም እጽፍና ከቢሮ ሳልወጣ መልእክቱን እልካለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጣቴ «ላክ» በሚለው ላይ ይዘገያል።

አለቃዬ አዲስ ሥራ ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን አሳየዋለሁ። «ይህ ይገባል። ከእነዚህ የትኛው ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገር?» ስለው መጀመሪያ ላይ ደስ አላለውም ነበር። አሁን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። አንዳንዴ የሚያሻግረው እኔ ከሁሉ የሚወደው ነው ብዬ የማስበውን ሥራ ነው። ይህ የሚሆነው መጠየቅ በሚቻልበት ቢሮ መሆኑን አልክድም። ሥራው ራሱ ለመጣ ሰው ወዲያው መልስ መስጠት የሆነ፣ ወይም ትናንት የተቀጠረና አለቃውን ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራ ሰው ይህን ሲያነብ ቢስቅብኝ ቅር አይለኝም።

ዝምተኞቹ

ወረቀቶቹን አልጥልም። በቅርቡ ደርድሬ ሳያቸው ግን አንድ ደስ የማይል ነገር አየሁ። በኅዳጉ ላይ የሚጻፉት ስሞች ተደጋጋሚ ናቸው። ሁልጊዜ «ይጠብቃል» የሚባሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ «እሺ፣ ችግር የለም» ብለው የሚመልሱት። የሚቆጣው ሰውዬ ስም ከሚጠብቁት መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ታየና ጠፋ። ቅድሚያ የሰጠሁት በሥራው ክብደት ነው ብዬ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ቅድሚያ ያገኙት ድምፃቸው ከፍ ያለው መሆናቸውን ይመሰክራል።

ይህን ለባልደረባዬ ነገርኳት። «መናገርህ ነው እንጂ የእኔም እንደዚያ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ የራሷን ማስታወሻ ደብተር ከፍታ አሳየችኝ። ከስሞቹ አጠገብ ትንንሽ ነጥቦች አሉ። አንድ ሰው በጠበቀ ቁጥር አንድ ነጥብ ታደርግለታለች፤ ሁለት ነጥብ ያለው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ አይጠብቅም፣ ማንም ቢቆጣ። ነጥቡን ከእርሷ ወስጃለሁ። አሁን ሁለት ነጥብ ያላት የመዝገብ ክፍል ባልደረባችን ናት፤ የላከችው ሰነድ ረጅምና አሰልቺ ነው፣ የሰኞና የማክሰኞ ጠዋት ግን ለእርሷ ተይዟል። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ይህንኑ ጽፌላታለሁ፤ ለተቆጪው ሰውም ሐሙስ እንደምጀምርለት።